ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፦ ወጣቶችን ወደ ባሕር ያወጡት ልዑል

በእኛ ዲፓርትመንት የ1966ቱ አብዮት በተነሣ ቁጥር የሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ስም መጠራቱ አይቀርም። ሲጠራ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ፣ በራሶቹና በጄኔራሎቹ መካከል። ከዚያ ገጹ ይገለበጣል። እኔ ግን እኚህ ሰው ከመሞታቸው በፊት ምን ሲሠሩ ኖሩ የሚለው ጥያቄ አልለቅ ስላለኝ ይህችን አጭር የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ ባሕር አይተው የማያውቁ ወጣቶችን ወደ ባሕር ይወስዱ ነበር። ይህ ሥራ ከሞታቸው ባላነሰ ሊወራለት ይገባል ባይ ነኝ።

ስለ ባሕር የምጽፈው እኔ ደግሞ የሁርሶ ልጅ ነኝ። ሁርሶን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ወደ ኤረር ሲኬድ የምትገኝ ሞቃታማ የቆላ መንደር ናት። ሰው ስሟን የሚያውቀው በወታደር ማሠልጠኛው ነው፤ የሁርሶ ልጅ ነኝ ስል፣ መቼ ተመረቅክ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ወታደርነቱን ማለቱ ነው። ባሕር የለንም። ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ደፍርሶ የሚወርድ ጎርፍ አለን፣ ከዚያ በኋላ አሸዋ ነው። ባሕር ወደ እኛ የመጣው በሐዲድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በሁርሶ በኩል ወደ አዋሽ ቀጥሎ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከመርከብ የወረደ ዕቃ ሁሉ ወደ መሐል አገር ሲጓዝ በደጃችን ያልፍ ነበር።

እስክንድር ደስታም በዚሁ ሐዲድ አልፈዋል። የተወለዱት በሐምሌ 1926 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው፣ እናታቸው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ፣ የንጉሡ ቤተሰብ በባቡር ወደ ስደት ወጣ። ልዕልት ተናኘወርቅ ልጆቻቸውን ይዘዋል፤ ራስ ደስታ ግን በደቡብ ግንባር ሊዋጉ ቀሩ። ሕፃኑ እስክንድር ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ባቡሩ በሁርሶ አልፎ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋም ጅቡቲ ገባ። ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ አሳፍራቸው ወደ ሃይፋ ተነሣች። ሕፃኑ ከዚህ ሁሉ አንዳች ትዝ ይላቸዋል ብዬ አላስብም። ሆኖም ኋላ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል የመሩት ሰው መጀመሪያ የተሳፈሩባት መርከብ የሌላ አገር የጦር መርከብ ነበረች፤ የተሳፈሩትም አገር ተይዞ በሚኬድበት ቀን ነው።

ራስ ደስታ በሲዳሞ በኩል ለወራት ሲዋጉ ቆይተው ተያዙና የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ከተፈጸመው ጭፍጨፋ አምስት ቀን በኋላ ነው። ልጃቸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር። ቤተሰቡ የስደቱን ዘመን እንግሊዝ አገር አሳልፎ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። ታላቅ ወንድማቸው አምሐ ደስታ በወጣትነታቸው ስላረፉ ከራስ ደስታ ወንዶች ልጆች የቀሩት እስክንድር ብቻ ነበሩ። ለትምህርት እንደገና ወደ እንግሊዝ ተልከው የተማሩት የባሕር መኮንንነትን ነው። የራስ ልጅ፣ የንጉሥ የልጅ ልጅ፣ ያውም በዚያን ጊዜ ወደብ ለሌላት አገር! ለምን ባሕርን? አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ያን ሰሞን የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ይታይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የባሕር በር ዳግም ይገኛል ብሎ ይጠባበቅ ነበርና የባሕር ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ነበረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና የባሕር ትምህርት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ላስረዳ፤ ያለዚያ የእስክንድር ሥራ አይገባንም። ባሕር የለመዱ አገሮች መኮንን በክፍል ውስጥ ብቻ ይሠራል ብለው አያምኑም። ሞተር ከመጣ ስንት ዘመን አልፎም ወጣቶቻቸውን በትላልቅ የሸራ መርከቦች ላይ ያሠለጥናሉ። ዴንማርክ በ1933 እ.ኤ.አ. የተሠራች በአገሪቱ ስም የምትጠራ መርከብ አለቻት። የኖርዌይዋ ክርስቲያን ራዲች በ1937 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራችው። የጣልያኗ አሜሪጎ ቬስፑቺ ደግሞ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊቮርኖ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎችን በበጋ ዕረፍታቸው እየጫነች ትወጣለች። ሸራው ለጌጥ አይደለም። ከባዱን ገመድ አንድ ሰው ብቻውን አይስበውም። ምሰሶው ላይ የሚወጣው ልጅ ከታች ያለውን ጓደኛውን ማመን አለበት። ነፋስ ደግሞ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ልማድ ጦር ኃይል ውስጥ ብቻ አልቀረም። በ1956 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ሃያ ያህል የማሠልጠኛ የሸራ መርከቦች ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ከቶርቤይ ተነሥተው እስከ ሊዝበን ተወዳደሩ። አብዛኛው መርከበኛ ተማሪ ነበር። ሞያና የተባለችው የአንድ የመርከብ ትምህርት ቤት ጀልባ ውድድሩን ጨርሳ ስትመለስ ማዕበል መታት፤ ሰጠመች፤ ልጆቹ ግን በሙሉ ተረፉ። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው በተዘጋ ነበር። እነሱ ግን ቀጠሉበት፤ ውድድሩም እስካሁን አለ፤ በደንቡ መሠረት ከመርከበኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ ከ15 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው መሆን አለባቸው። ክረምቱን ቤት ተቀምጦ የሚያሳልፍ ተማሪ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ 1956 እ.ኤ.አ. በእኛ አቆጣጠር 1948 ነው፤ የኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ኮሌጅ የተከፈተውም በዚሁ ዓመት ነው። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ አገሪቱ ምፅዋንና አሰብን አገኘች፤ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ባሕር ኃይሉ ተቋቋመ። ዋና ጦር ሰፈሩ ምፅዋ ነበር። ሲደራጅ የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ የባሕር መኮንኖችም በአሠልጣኝነትና በአማካሪነት ሠርተዋል። ሁለቱም ከላይ የነገርኳችሁ ልማድ ካላቸው አገሮች የመጡ ናቸው። ዋና አዛዡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለነበሩ በተግባር ባሕር ኃይሉን የሚመራው ሥልጣን የምክትል አዛዡ ሆነ። እስክንድር ደስታ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የያዙት ይህን ቦታ ነው፤ እስከ ዘውዱ ፍጻሜም አልለቀቁትም።

ሥራው ከየት ነው የሚጀመረው? መርከብ ይገዛል፣ ይለመናል። መርከበኛ ግን አይገዛም። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከሐረርጌ፣ ከወለጋ ትምህርት ቤቶች የሚመጣው ልጅ ትልቁ ያየው ውኃ ቢበዛ ሐይቅ ነው። መዋኘት የሚችለውም በጣት የሚቆጠር ነው። ዕጩ መኮንኖቹ ከአራት ዓመት በላይ ይማሩ ነበር፤ ኮሌጁም ኋላ የነበረው አስመራ ላይ ነው። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የባሕር ትምህርት ቤት ተራራ ላይ! በመጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጥቶ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የአገሪቱ ነገር ራሱ እንዲህ ነው፤ ደገኛ አገር ናት፣ ባሕሯ ታች ነው፣ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ መሠራት ነበረበት። ከኮሌጁ የተመረቁ አንዳንድ መኮንኖች ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደዚያው ወደ ሊቮርኖ ይላኩ ነበር።

መንገዱን የሠራችው አንዲት መርከብ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ ኦርካ የተባለች መርከቧን ለኢትዮጵያ አስተላለፈች። ኦርካ በሲያትል አቅራቢያ ተሠርታ በ1944 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ የባሕር አውሮፕላኖችን ስትረዳ የነበረች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ ናት። ምፅዋ ስትደርስ ስሟ “ኢትዮጵያ” ሆነ። ሸራ የላትም፣ በሞተር ነው የምትሄደው፤ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና ዋና ማሠልጠኛ ግን እሷ ሆነች። ሌሎች አገሮች በሸራ መርከቦቻቸው የሚሠሩትን ሥራ ለእኛ የሠራችልን ይህች ያረጀች የጦርነት መርከብ ናት። በዓመቱ በጥር ገደማ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፣ ዕጩ መኮንኖች ይመረቃሉ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ይሰለፋሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካና ሶቪየት ጎን ለጎን መልህቅ የሚጥሉበት ወደብ ብዙ አልነበረም። በዓሉ ግን የአንድ ሰሞን ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለው ሥልጠናው ነው።

ስለ ሥልጠናው መጽሐፍ ብቻ አገላብጬ አልቀረሁም። ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ መርከበኛ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተራ መርከበኛነት የገቡ ናቸው። ልዑሉን ያዩት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በሰልፍ ላይ ሆነው ከሩቅ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሰውዬው ጠባይ ሊነግሩኝ አልሞከሩም፤ ይህም አስደስቶኛል። የነገሩኝ ስለ መጀመሪያው ሌሊት ነው። መሬት ሲርቅ ሁሉም ዝም ይላል አሉ። ከዚያ ማስመለስ ይጀምራል፤ የባላባቱም ልጅ፣ የገበሬውም ልጅ እኩል ያስመልሳል፤ ጠዋት ወለሉን የሚያጥቡትም አብረው ነው። ዘብ አራት አራት ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ተቆራርጦ ይመጣል። በዚያ ላይ የቀይ ባሕር ሙቀት አለ፤ የሞተር ክፍል ውስጥ የተመደበ ሰው ከቆይታው ሲወጣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። ዕጩ መኮንኖቹ በሴክስታንት ፀሐይንና ኮከብን ለክተው መርከቡ ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ ማግኘት ነበረባቸው። ክፍል ውስጥ ሲሳሳት ነጥብ የሚቀነስበት ልጅ ባሕር ላይ ሲሳሳት መርከቡን ዐለት ላይ ሊያወጣው ይችላል። የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ደግሞ ዐለት ሞልቷል። ጋሼ ይህን ሲሉኝ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ደሴቶቹን እየሳሉ ነበር፤ ቡናው ፈሰሰ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ፤ በክፍላችንም ይህን ርእስ ሳነሣ ወዲያው የተነሣብኝ እሱ ነው። ሰውዬው ሥልጣኑን ያገኙት በደም ነው፣ ባሕር ኃይሉም የቤተ መንግሥት ጌጥ ነበር ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። የንጉሥ የልጅ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ዕድሜ አንድ ሙሉ ኃይል አይሰጣቸውም ነበር። ሁለተኛውም ከፊሉ እውነት ነው፤ ወሎ በረሃብ እያለቀ ምፅዋ ላይ የመርከብ ሰልፍ የሚታይበት ዘመን ነበርና ያንን ማለፍ አልችልም። ግን ጌጥ የሚባለው ባለቤቱ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ባሕር ኃይሉ ከዘውዱ ጋር አልጠፋም። ንጉሡ ወረዱ፣ ልዑሉ ተገደሉ፣ እንግሊዞቹ ሄዱ፣ ሶቪየቶች መጡ፤ በዚህ ሁሉ መካከል መርከቦቹን ተጨማሪ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሲያንቀሳቅሱ ከቆዩት መኮንኖች ነባሮቹ በእስክንድር ዘመን የሠለጠኑት ናቸው። ልዑሉን የምመዝነው በዚህ ነው። የተሾሙት በዘራቸው ቢሆንም የተማሩትን ሙያ ነው የመሩት፤ በዘመኑ ይህን ማለት የሚቻልለት ሹም ደግሞ ያን ያህል ብዙ አልነበረም።

የመጨረሻው ዓመት ታሪክ አጭር ነው። በ1966 የወታደሩ እንቅስቃሴ ከነገሌ ተነሥቶ ሌሎች ክፍሎችን ሲያዳርስ ምፅዋ ያለው ባሕር ኃይልም ውስጥ ገባ። ሰው እኩል ያስመልስበታል የተባለው መርከብ ላይ እንኳ ደመወዙና ማዕረጉ እኩል አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናቱ አንድ በአንድ ሲታሰሩ እስክንድርም ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ሰዎች፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺና ሌሎችም ባሉበት፣ አዲስ አበባ ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። ክስ አልቀረበም፣ ምስክር አልተሰማም። ዕድሜያቸው 40 ነበር። ልዕልት ተናኘወርቅ በፋሺስቶች ጥይት ባላቸውን፣ በደርግ ጥይት ልጃቸውን አጡ፤ እሳቸውም ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር ለዓመታት ታሰሩ። አፅሙ ከጅምላ መቃብር ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው።

መርከቦቹስ? ምፅዋ በየካቲት 1982 በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 መንግሥቱ ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሸሹ፤ አብዛኞቹ የመን ገቡ። “ኢትዮጵያ”ም እዚያው የመን ደርሳ ቆመች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረቷ ተሸጠች። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ስትሆን እኛ እንደገና ባሕር የለሽ ሆንን። የተረፉት መርከቦች ጅቡቲ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረባቸው ሲጠባበቁ ከርመው በመስከረም 1989 ለሐራጅ ቀረቡ። ጋሼ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጡት ያለ ደንብ ልብስ፣ በዚያው በድሮው ባቡር ነው። ከዚያ በኋላ የኖሩት የውኃ ፓምፕ እየጠገኑ ነው፤ ሞተሩን የተማሩት መርከብ ላይ ነዋ።

ባሕር ኃይሉን ዳግም የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ተነግሮ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ለንግድ መርከቦች ደግሞ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ እያሠለጠነ በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ ያስቀጥራል። ከእኛ ኮሌጅ ሰዎችም ይህን መንገድ የሚያስቡ እንዳሉ አውቃለሁ። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ልጆቹን ባሕር ላይ የሚያወጧቸው በስንተኛው ወር እንደሆነ። ተመዝግበው ካሠለጠኑ በኋላ ነው ብዬ እያስረዳሁ ሳለ ሰው ፓምፕ ይዞባቸው መጣና ተነሡ።